ቤተ ዘመድን በደሴት ላይ ስለ ማስፈር
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በከተማ ኑሮ ዘመድ ከዘመዱ ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በድንኳን ሥር ነው። ድንኳኑም የሚተከለው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው። በሰርግ ዕለት ሙዚቃው ስለሚጮኽ ሰው ከሰው ጋር ሊነጋገር አይችልም፤ በለቅሶ ዕለት ደግሞ ሐዘኑ ስለሚከብድ ልጆች እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ የአንድ አያት የልጅ ልጆች የሆኑ ሕፃናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ከዋሉ በኋላ ስም እንኳ ሳይጠያየቁ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ወላጆቻቸውም በማግሥቱ ወደየመሥሪያ ቤታቸው ይገባሉ። እኛ ዛሬ ልናስረዳችሁ ያሰብነው ስለ ሦስተኛው ዓይነት ድንኳን ነው፤ ይኸውም ቤተ ዘመድ በዓመት አንድ ጊዜ ልጆቹን ሁሉ ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት በደሴት ላይ ለማደር የሚተክለው ድንኳን ነው።

በአማርኛ የአጎትን ልጅና የአክስትን ልጅ በአንድነት የሚጠራ ራሱን የቻለ ቃል የለንም። ይህም የቋንቋው ጉድለት ሆኖ አይቆጠርም። አባቶቻችን የአጎታቸውን ልጅ «ወንድሜ»፥ የአክስታቸውን ልጅ «እኅቴ» እያሉ ስለሚጠሩ ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። በአንድ መንደር ያደጉ፥ ከብት አብረው የጠበቁ፥ ከአንድ መሶብ የበሉ ስለ ነበሩ ስሙና ነገሩ የተስማሙ ነበሩ። አሁን ግን አንዱ ወንድም በኮልፌ፥ አንዲቱ እኅት በቦሌ፥ ሌላው በአዳማ ወይም በሐዋሳ ይኖራል። ስሙ እንደ ቀድሞው «ወንድም» ሲሆን፥ ወንድምነቱን የሚሞላው አብሮ መኖር ግን የለም።

ከዚህም በላይ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ አለ። በብዙው የአገራችን ክፍል ወንድና ሴት ለጋብቻ ሲታሰቡ፥ ዝምድና አለመኖሩ እንዲታወቅ ሽማግሌዎች ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ ተጠብቆ የኖረው በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ቃል ነው። ቃሉን የያዙት ካለፉ፥ የሚረከባቸውም ልጅ ከሌለ፥ ቆጠራው ይቋረጣል። የአያቱን ስም የሚያውቀው በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ስለ ተጻፈ ብቻ የሆነ ወጣት፥ የአያቱን እኅት የልጅ ልጅ በአንድ ቢሮ ውስጥ አብሯት ቢሠራ እንኳ ዘመዱ መሆኗን በምን ያውቃል?

«ለዚህማ በአንዳችን ቤት ምሳ ብንበላ አይበቃምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምሳ መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ በምሳ ግብዣ ባለቤቲቱ በወጥ ቤት ትደክማለች፤ እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ልጆቹ በቴሌቪዥንና በስልክ ላይ ያፈጣሉ፤ ሲመሽም ሁሉም ይበተናል። በደሴት ላይ ግን ጀልባዋ በተቀጠረችበት ቀን እስክትመጣ ድረስ ማንም ተነሥቶ ሊሄድ አይችልም። ድንኳን መተከል አለበት፤ ውኃ መፍላት አለበት፤ ዓሣ መጠበስ አለበት። አብሮ የሠራ ሰው ሳይወድ በግድ ይተዋወቃል።

በድንኳን ማደርም ከውጭ የመጣ ነገር መስሎ አይታያችሁ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቶቻችን ለብዙ ዘመን ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩት በድንኳን ሰፈር ነበር። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበር።

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቤተ ዘመድ ለዚህ ጉዳይ ከሚመቹት ሥፍራዎች አንዱ የዝዋይ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ደምበልም ይባላል። ባቱ እየተባለች ወደምትጠራው የዝዋይ ከተማ የሚወስደው መንገድ በቢሾፍቱ፥ በሞጆና በመቂ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ የቆዳ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ሥፍራ እንኳ ከ10 ሜትር አያልፍም። የመቂና የቀጠር ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፥ ፀደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው።

በደሴቶቹ ላይ የኖረው ሕዝብ ዛይ ይባላል። ቋንቋው ከስልጥኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የተዛመደ ነው። በቱሉ ጉዶ ላይ የጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል፤ በውስጡም የጥንት የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ኖረዋል። በዮዲት ዘመን ካህናት ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ እንደ ሸሹ በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ ልጆቻችሁን ወደዚህ ስትወስዱ፥ ውኃ የከበበው መሬት ለተሰደደ ሰውና ለመጽሐፍ እንዴት መሸሸጊያ እንደ ሆነ በዓይናቸው ያያሉ ማለት ነው።

ቀጥለን ስለ ዝግጅቱ እንናገራለን። ክረምቱ ለድንኳን አይመችም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የመንፈቅ ዕረፍት የሚያደርጉበት የጥር መጨረሻ ግድም የተሻለ ጊዜ ነው። ጉዞውን በጧት ጀምሩ። ሐይቁ በጧት ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ እየተነሣ ማዕበል ያመጣል። ጀልባዋ ከሚገባት በላይ ሰው እንዳትጭን ተጠንቀቁ። ለያንዳንዱ ሕፃን በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይገኝ ከመሬት አትነሡ። «ጥቂት ነን፥ እንጠጋጋ» የሚለው የአውቶቡስ ልማድ በውኃ ላይ ለሞት ያደርሳል።

የስምጥ ሸለቆ ምድር የወባ አገር መሆኑንም አትዘንጉ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት ስለ ሆነ በየድንኳኑ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይኑር። ልጆችም በሐይቁ ዳር እንዲዋኙ አትፍቀዱላቸው። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ቢልሃርዝያ ነው፤ የዚህ በሽታ ትል በውኃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጋ ወደ ውኃው ከወጣች በኋላ በሰው ቆዳ በኩል ትገባለች። በውኃው የተነካካ ሰው ከተመለሰ በኋላ ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው፤ የሚያድን መድኃኒት አለና። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመውንም ሰው አይምርም። ስለዚህ ድንኳናችሁን ከውኃው ዳር ራቅ አድርጋችሁ፥ የደሴቱ ሰዎች በሚያመለክቷችሁ ቦታ ትከሉ። የሚጠጣውን ውኃ አፍሉ፤ ለመታጠቢያ የሚሆነውንም አሙቁ።

ስለ ስንቅ አባቶቻችን አስቀድመው አስበውልናል። በሶ፥ ጭኮ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሳይበላሹ ይሰነብታሉ። ለወጥ የሚሆነውን ዓሣ ከአጥማጆቹ ግዙ። የደሴቱ ዛፍ ጥቂት ነውና ለማገዶ አትቁረጡ፤ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ።

የሁሉ ዋናው ግን የሰው አደረጃጀት ነው። ድንኳኑን በየቤተ ሰቡ ከከፋፈላችሁት ከተማውን ይዛችሁት ሄዳችኋል ማለት ነው። ልጆቹን በዕድሜ ከፋፍላችሁ የአጎትና የአክስት ልጆችን አንድ ላይ አስተኟቸው። የ15 ዓመቱ ልጅ ለ8 ዓመቱ የአክስቱ ልጅ ኃላፊ ይሁን፤ ታናሹም «ጋሼ» ብሎ ይጥራው። አንዱ ድንኳን ውኃ ሲያፈላ፥ ሌላው ዕቃ ይጠብ፤ በማግሥቱም ይለዋወጡ። ሲመሽ ከሁሉም በዕድሜ የገፉት አያት ወይም አክስት ዘሩን ይቁጠሩ፤ አንድ ልጅ በደብተር ይጻፍ። በየዓመቱ ደብተሩ እየተነበበ የጎደለው ይሞላል፤ በዓመቱ ውስጥ የተወለደውም ይጨመርበታል።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር እንበል። በዘመድ መካከል አንዱ ዋና ዳይሬክተር፥ ሌላው ተላላኪ ሊሆን ይችላል። ባለ ብዙ ደመወዙ ዘመድ ወጪውን ሁሉ ልቻል ቢል ቸርነት ነው፤ ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት ድኻው ወንድም ምክንያት እየሰጠ መቅረት ይጀምራል። የጉዞው አዛዥም ገንዘብ የሰጠው ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ዕቁብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብታዋጡ፥ መዋጮውም እንደ አቅም ቢሆን፥ ያነሰ የሰጠውም በጉልበቱና በሙያው ቢተካው፥ ሁሉም ቀና ብሎ ይሄዳል። ደግሞም የቢሮ ማዕረግ በወደቡ ላይ ይቅር፤ በደሴቱ ላይ ታላቅና ታናሽ የሚለየው በዕድሜ ብቻ ነው።

በመጨረሻም፥ ደሴቱ የሰው ቤት መሆኑን አስታውሱ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የነዋሪዎቹንና የገዳሙን ፈቃድ ጠይቁ። ሐይቁ ለከተማው ሕዝብ የመጠጥ ውኃ፥ ለእርሻው መስኖ፥ ለአጥማጁ እንጀራ ነው፤ ስለሆነም በፌስታል ያመጣችሁትን በፌስታል መልሱት፤ መጸዳጃውንም ከውኃው አርቃችሁ ቆፍሩ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ በሚመጣው እሑድ ለወንድማችሁ ወይም ለእኅታችሁ ስልክ ደውሉና ቀኑን ቁረጡ። ዘሩን የሚቆጥሩት ሽማግሌ እስኪያልፉ ድረስ ከዘገየን፥ ዘመዶቻችንን ዳግመኛ የሚሰበስባቸው ያው የለቅሶው ድንኳን ይሆናል።