የዕጣ ዋጋና የሽልማት ተስፋ

ነጋዴ ዕቃ ከማስመጣቱ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ ይኸውም የሚያወጣውን ወጪና የሚያገኘውን ትርፍ ነው። ዕጣ የሚቆርጥ ሰውም ሁለቱን ይመለከታል፤ ነገር ግን ሚዛኑ ልዩ ነው። ወጪው ከእውነተኛው መጠን አንሶ፥ ሽልማቱም ከእውነተኛው ዕድል ይልቅ ቀርቦ ይታየዋል።

ሎተሪ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ዋጋና ሽልማት የገዢን ጠባይ እንዴት እንደሚመሩ በጉልህ ያሳየው ፓወርቦል የተባለው የአሜሪካ ሎተሪ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2012 የፓወርቦል ትኬት ዋጋ ከ1 ዶላር ወደ 2 ዶላር ከፍ አለ። በኦክቶበር 2015 ደግሞ ትልቁን ዕጣ የማግኘት ዕድል ከ175 ሚሊዮን አንድ የነበረው ከ292 ሚሊዮን አንድ ሆነ። ዕቃው ተወደደ፥ ጥራቱም ቀነሰ ማለት ነው። በሌላ ሱቅ ቢሆን ደንበኛ በሸሸ ነበር። በዚህ ግን ባለዕድል እየታጣ ሽልማቱ ተከማቸ፤ ለጃንዋሪ 13 ቀን 2016 ዕጣ 1.586 ቢሊዮን ዶላር በደረሰ ጊዜ ገዢው በየመደብሩ ተሰለፈ።

ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። በማስታወቂያ የተነገረው ገንዘብ በብዙ ዓመታት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ለሚቀበል 983.5 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሦስት ትኬቶች ስለ ደረሳቸው ለእያንዳንዱ 327.8 ሚሊዮን ሆነ። ይህ በ292 ሚሊዮን ቢካፈል ለአንድ ትኬት 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ይደርሳል፤ ትናንሾቹ ዕጣዎች ቢጨመሩ እንኳ፥ ግብር ሳይነሣ፥ የተከፈለውን 2 ዶላር አይሞላም።

ታዲያ ሰው ስለምን ይገዛል? ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው እጅግ ጥቂት የሆነውን ዕድል ከሚገባው በላይ አክብዶ እንደሚያይ አመለከቱ። ደግሞም በኪሳራ ላይ ያለ ሰው የተረጋገጠውን ጉዳት ከመቀበል ይልቅ ለሚበልጥ አደጋ ራሱን እንደሚያጋልጥ አስረዱ። የተበላውን ለማስመለስ ደጋግሞ የሚጫወት ሰው የሚወድቀው በዚሁ ወጥመድ ነው።

ሽልማትም ይለመዳል። ትናንት ያስደነቀው ገንዘብ ዛሬ ስለማያስደንቅ፥ ገዢን ለመቀስቀስ ከፊተኛው የሚበልጥ ያስፈልጋል።

ለባለ ሱቅ አደገኛው የትኬቱ ውድነት ሳይሆን ርካሽነቱ ነው። በቀን 20 ብር የሚያወጣ ሰው በ300 የሥራ ቀን 6,000 ብር ያወጣል፤ ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ቢጠየቅ ግን እጁን በሰበሰበ ነበር። በንግድ የሚገጥም አደጋ በዕውቀት፥ በጥሩ ዕቃና በታመነ ደንበኛ ይቀንሳል፤ ዕጣ ግን ለትጋት ዋጋ አይሰጥም። ስለዚህ ዕድሉን መሞከር የሚወድ ነጋዴ ገንዘቡን ከራሱ ኪስ እንጂ ከሱቁ መሳቢያ አያውጣ፤ ያወጣውንም በመዝገብ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ድምሩ ራሱ ይመክረዋል።