እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሰኞ ለገበያ
ፊቷ የቤት መኪና፣ ጀርባዋ ፒክአፕ የሆነችውን አሮጌ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ባለትዳሮች

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ የምትኖር አንዲት የገበሬ ሚስት ለፎርድ ኩባንያ ደብዳቤ እንደ ጻፈች ይነገራል። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ እሑድ ዝናብ ሳይመታን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰን፣ ሰኞ ደግሞ አሳማዎቻችንን ወደ ገበያ የምትወስድልን አንዲት መኪና ልትሠሩልን ትችላላችሁን? ሁለት መኪና ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። በጊሎንግ በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ንድፍ አውጪ ሉ ባንት ጥያቄውን በሥራ መለሰው። ከፊት የቤት መኪና፣ ከኋላ ካሶኒ ያላት መኪና በ1934 ለገበያ ቀረበች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ በአሜሪካ ሥር የሰደደው ዘግይቶ ነው። ፎርድ በ1957 ሞዴል ራንቼሮን አወጣ። ሼቭሮሌም በ1959 ሞዴል ኤል ካሚኖን ይዞ ተከተለ፤ ትርጉሙ በስፓንኛ “መንገዱ” ማለት ነው። ኤል ካሚኖ ከ1960 በኋላ ተቋርጣ በ1964 በሼቬል ሻንሲ ላይ ተመለሰች፤ እስከ 1987ም ተመረተች። ራንቼሮ ግን በ1979 አበቃች። ሁለቱም የተወለዱት ከጭነት መኪና ሳይሆን ከቤተ ሰብ ስቴሽን ዋገን ነው። አነዳዳቸው ለስላሳ፣ መልካቸው ማራኪ የሆነው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ የምትኖሩና ዓይናችሁ በአንዷ ላይ ያረፈ ብዙዎች ትኖሩ ይሆናል። መውደዳችሁ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ፍቅሩ የቤታችሁን ሰላምና የልጆቻችሁን ደኅንነት እንዳይነካ ጥቂት ነገሮችን አስቀድማችሁ አስቡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩ

ባሎች ሆይ፣ ይህን ክፍል ለብቻችሁ አታንብቡት። ኤል ካሚኖም ሆነች ራንቼሮ አንድ ረድፍ መቀመጫ ብቻ ነው ያላቸው። ለልጆች የተሻለው ቦታ የኋላ መቀመጫ ነው፤ እነዚህ መኪኖች ግን የኋላ መቀመጫ የላቸውም። ልጅን ካሶኒ ላይ አስቀምጦ መንዳት ደግሞ ለአጭር መንገድም ቢሆን ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ ልጆች ላሉት ቤት ይህች መኪና ሁለተኛ እንጂ ብቸኛ መኪና ልትሆን አትችልም። ለሁለተኛ መኪና አቅም ከሌላችሁ መልሱ ለጊዜው “ቆይ” ነው።

አቅሙ ካላችሁ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ የመግዣ፣ የማደሻ እና ሳይታሰብ ለሚመጣ ወጪ። ጣሪያውን ሁለታችሁ ወስኑ። ብዙ ትዳር የሚጎዳው በትልቁ ዋጋ ሳይሆን ዛሬ ሃምሳ ዶላር፣ ነገ ሁለት መቶ ዶላር እየተባለ ሚስት ሳታውቅ በሚወጣው ገንዘብ ነው። የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ ሁለታችሁም በምታዩት ቦታ ይቀመጥ።

ሞተሩን ሳይሆን ዝገቱን እዩ

ሞተር ይለወጣል፤ የበሰበሰ ላሜራና ሻንሲ ግን ኪስ ያራቁታል። የኤል ካሚኖ የፊት አካሏ ከሼቬል ጋር ስለሚመሳሰል መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። የካሶኒዋና የኋላ መስታወቷ ዙሪያ ላሜራ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ እነዚህን ቦታዎች በጥንቃቄ መርምሩ፦

• የኋላ መስታወቱ ሥር፤ ውኃ እዚያ ይጠራቀማል።
• የካሶኒው ወለልና ማዕዘኖች፤ በተለይም ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከካሶኒው ወለል ሥር ያለው ስውር ሣጥን። ክዳኑን አንሡና በባትሪ ብርሃን እዩ።
• ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለው ሻንሲ።

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አስኪዱት። የማይስብበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ሊኖር ይችላል።

“ኤስ ኤስ” የሚለው ምልክትም አያታልላችሁ። በ1970 የወጣችው ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ኤል ካሚኖ እስከ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይገጠምላት ስለ ነበር ዋጋዋ ውድ ነው። ተራዋን ኤል ካሚኖ ኤስ ኤስ አስመስለው የሚሸጡ አሉ። ከ1964 እስከ 1971 ባሉት አብዛኞቹ ሞዴሎች የሻንሲ ቁጥሩ ባለ ስድስት ወይም ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኗን እንጂ የትኛው ሞተር እንደ ነበራት አይናገርም። የፋብሪካ ሰነድ ከሌለ የተራዋን ዋጋ ብቻ ክፈሉ።

ስታሻሽሉ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ብዙ ሰው ከቀለምና ከጉልበት ይጀምራል። እናንተ ግን እንዲህ አድርጉ።

1. መጀመሪያ መቆም። ከ1964 እስከ 1966 ያሉት ኤል ካሚኖዎች የፍሬን ዋና ፓምፕ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከ1967 ጀምሮ ፓምፑ ሁለት ክፍል ሆኗል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘባችሁ ባለ ሁለት ክፍሉን ፓምፕና የፊት ዲስክ ፍሬን ይግዛ። ካሶኒው ባዶ ሲሆን የመኪናዋ ጀርባ ቀላል ነው፤ በድንገት ሲቆም የኋላ ጎማ ቀድሞ ሊቆለፍና ጀርባዋ ሊዞር ይችላል። የኋላውን የፍሬን ኃይል የሚመጥነውን ቫልቭ መካኒኩ ያስተካክል።

2. ቀጥሎ ቀበቶና ጎማ። ብዙዎቹ ቀደምት ሞዴሎች የትከሻ ቀበቶ የላቸውም፤ ጠንካራ ማሰሪያ ባለው አስገጥሙ። የጎማው ጥርስ አለመበላቱ ብቻ አይበቃም፤ ዕድሜውንም እዩ። በጎኑ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው።

3. ከዚያ ነዳጅና ሙቀት። በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ይህም አሮጌ የጎማ ቱቦዎችን ይበላል። የነዳጅ ቱቦዎችን ሁሉ ለውጡ፤ እሳት የሚነሣው ከእነዚህ ነው። ራዲያተሩንም አሳጥቡ፣ አስፈትሹ።

4. ከዚያ ካምቢዮ። ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲኩ በፈጣን መንገድ ሞተሩን ያስጮኻል። ከ1982 ጀምሮ የወጣው 700 አር 4 የተባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ በመጨረሻው ማርሽ የሞተሩን ዙር በ30 በመቶ ይቀንሳል፤ በደቂቃ 3,000 የሚዞረው በ2,100 ይበቃዋል። ጆሮም ነዳጅም ያርፋል።

5. ጉልበትና ቀለም በመጨረሻ። የነቀላችሁትን የፋብሪካ ዕቃ ግን አትጣሉ። ስሙን ጽፋችሁ በካርቶን አስቀምጡ፤ በምትሸጡበት ቀን ገንዘብ ነው።

ሕጉን እወቁ

ካሊፎርኒያ የ1975ና ከዚያ በፊት ያሉ ሞዴሎችን ከጭስ ምርመራ ነፃ አድርጋለች፤ ከ1976 ወዲህ ያሉት ግን ይመረመራሉ። በሌላ ክፍለ ግዛት ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ለአሮጌ መኪና የሚሰጠው ልዩ ኢንሹራንስ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በየቀኑ ለሥራ እንዳትነዳና ጋራዥ ውስጥ እንድታድር ይጠይቃል። “ኋላ አገር ቤት እወስዳታለሁ” የምትሉም አስቡበት፤ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች።

እንግዲህ ሻጩ ዘንድ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉና ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ሚስት “ፍሬኑ መቼ ይሠራል?” ብላ ትጠይቅ፤ ባልም ቀኑንና ዋጋውን ይጻፍ። በዚያ መስመር ላይ ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ መኪናዋን ለማየት አብራችሁ ሂዱ።