ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍልና በኮምፒዩተር

በዛሬው ጊዜ በቆቦ ከተማ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ቢጠብቅ ተቀብሎ ይሄዳል። ቀድሞ ግን ፊልሙ እስኪታጠብ፥ ወረቀቱም እስኪደርቅ ድረስ መመላለስ ግድ ነበር። ስለ ሁለቱ አሠራር በዚሁ ሙያ ካረጁት አጎቴ የተማርሁትን ለአንባብያን ላቀርብ እወዳለሁ።

በፊልም ላይ ብርሃን ያገኘው ስፍራ ስለሚጠቁር፥ ነጭ ነጠላ በነጋቲቩ ጥቁር ሁኖ ይታያል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን በነጋቲቩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ይህ እንደገና ይገለበጣል። ባለሙያው በቀይ አምፖል እየተመራ ወረቀቱን መጀመሪያ ሥዕሉን በሚያወጣው መድኃኒት፥ ኋላም ሥዕሉን በሚያጸናው ሃይፖ ይነክረዋል። እንደ ራያ ባለ ቆላ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። መድኃኒቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆን ሲገባው ከዚያ እጅግ ከሞቀ የፊልሙ ሽፋን ይለሰልሳል። ስለዚህ አጎቴ በእንስራ ያደረ ውሃ ይዘው ሥራቸውን ጎሕ ሳይቀድ ይጀምሩ ነበር።

ፊት እንዳይጠቁር ሲፈለግ፥ በሽቦ ጫፍ በተጣበቀ ክብ ወረቀት ብርሃኑን ይጋርዱታል፤ የተጋረደው ይነጣል። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ ይህንኑ ወርሷል፤ የማንጫው ምልክት እስከ ዛሬ በዘንግ ላይ ያለች ክብ ናት። ፕሮግራሙን የጀመሩት ወንድማማቾች ቶማስና ጆን ኖል አባታቸው በቤታቸው ጨለማ ክፍል ነበራቸው። እንግዲህ ፊልም እውነተኛ፥ ኮምፒዩተር ሐሰተኛ ነው ማለት አይገባም። የፊት መጨማደድ በነጋቲቩ ላይ በእርሳስ ይሸፈን ነበርና!

ልዩነቱ ሌላ ነው። በእርሳስ አንዲት መስመር ለመሸፈን ዓይን ይደክማል፤ በኮምፒዩተር ግን ፊት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጸዳል። ለአያቴ ሙት ዓመት በስልክ የተነሣ ፎቶግራፋቸውን በፍላሽ ይዘን ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድን። ሠራተኛው ፊታቸውን ሲያጸዳ የግንባራቸውን የመስቀል ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥሮ አጠፋው። እናቴ አይታ «ይህች እናቴ አይደለችም» አለች። ቅጂ አስቀርቶ ቢሆን ጉዳቱ ይታረም ነበር፤ እሱ ግን ያረመውን በመጀመሪያው ላይ መዘገበበት፤ ስልኩም ከጠፋ ቆይቷል።

አጎቴ ግን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የእናታቸውን የጎልማሳነት ነጋቲቭ አኑረው ኖሯል። ወደ መስኮት ይዘን ስናየው ፊታቸው ጥቁር ነው፤ መስቀሉም በግንባራቸው ላይ ነጭ ሁኖ ይታያል።