የዐይን መካከልና የዐይን ዳር

በቀድሞው የሥዕል ልማዳችን ሠዓሊው ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ኀጥአንንና አጋንንትን ግን በጎን በአንድ ዐይን ይሥላል። ይህን ልዩነት አጥርቶ የሚያሳየን የዐይናችን መካከል ነው። ክንዳችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን ብንመለከት፣ ፈጽሞ ጥርት ብሎ የሚታየው የጥፍሩን ስፋት ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ደብዘዝ ብሎ በዳር ይታያል። ፊደል ማንበብ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማግባት፣ የሰውን ፊት መለየት የመካከሉ ሥራ ነው።

ዳሩ ግን ሥራ ፈት አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ቀና ስንል፣ የአንዱን ፊት እንኳ ሳንለይ፣ ይህ ስቅለት ነው፣ ያ ፈረሰኛው ጊዮርጊስ ነው እንላለን። የመስቀሉን ቁመት፣ በግራና በቀኝ የቆሙትን፣ የፈረሱን ንጣት በአንድ ጊዜ ሰብስቦ የሚያቀብለን በአብዛኛው ዳሩ ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ላርሰንና ሎሽኪ የተባሉ የአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በፎቶግራፍ ፈተኑ። ሥዕሉን የሰከንድ ዐሥረኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ እያሳዩ፣ አንድ ጊዜ ዳሩን፣ ሌላ ጊዜ መካከሉን ሸፈኑት። የታየው ስፍራ ምን እንደ ሆነ ለመናገር ከመካከሉ ይልቅ ዳሩ በለጠ። በእኩል ስፋት ቢመዘን ግን መካከሉ ብርቱ ነው፤ ዳሩ ያሸነፈው በስፋቱ ነው።

ነገሩ ለቤታችንም ይተርፋል። በደነባም ሆነ በሌላው አገር፣ «አባባ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ዐይናቸው ደኅና ነው» የሚል ቤተ ሰብ አይጠፋም። ግላኮማ የተባለው ደዌ የዐይንን ነርቭ እየጎዳ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ ከዳር ወደ መካከል ይመጣል። አእምሮ ጐደሎውን ስለሚሞላው በሽተኛው ጨለማ አያይም። ፊደሉ እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ በጎን የመጣው አህያ ግን አይታይም፣ ደፉም ያደናቅፋል። እርጅና ነው ተብሎም ይታለፋል። መካከሉ የተጎዳበት ደግሞ መንገዱን ሳይሳሳት ይሄዳል፣ የልጅ ልጁን ግን በድምፁ እንጂ በፊቱ አይለይም፤ ሰላምታ ስላልሰጠም ሰው ናቀ ተብሎ ይታማል። ይህ ሐሜት ያሳዝነኛል።

በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠብታውን የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ፣ በትውፊትም ሠዓሊ ነው።

በቤት የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። ከአረጋዊው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንድ ዐይናቸውን በእጃቸው አስከድኖ፣ አፍንጫችንን ብቻ እንዲመለከቱ መለመን፤ ከዚያም ጣትን ከጎን፣ ከላይና ከታች ቀስ እያሉ ማምጣትና መቼ እንዳዩት መጠየቅ ነው። ሙከራው ገና የጀመረውን ጉዳት አይገልጥም። ደዌው በዘር ስለሚከተል፣ በሽታው የተገኘበት ሰው ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች፣ ከአርባ ዓመት ያለፈውም ሁሉ፣ የዐይኑን ግፊት ለክቶ ነርቡን ለሚያይ የዐይን ሐኪም መታየት ይገባቸዋል።