ቅጠል ያስቀነጠሰው ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በ1889 የጸደይ ወራት ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ፍሬሰሊን በተባለች መንደር አቅራቢያ፣ ሸለቆ ውስጥ ያለ አንድ ያረጀ የኦክ ዛፍ እየሣለ ነበር። ሥራውን ሲጀምር ዛፉ ቅጠል አልባ፣ አጥንቱ የወጣ ነበር። ዝናብና ብርድ እያቋረጠው ሳምንታት አለፉ። ግንቦት ሲገባ ዛፉ አረንጓዴ ለበሰ፤ ሸራው ላይ ያለው ዛፍ ግን ገና ራቁቱን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅጠሉንም ጨምሮ በጨረሰው። ሞኔ የዛፉን ባለቤት አስፈቅዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ መሰላል የያዙ ሠራተኞች አስገብቶ አዲሱን ቅጠል አስቀነጠሰ! እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ ወቅቱ ሲያልፍብኝ ዕቅዴን እቀይራለሁ እንጂ ወቅቱን ወደ ኋላ መመለስ አስቤም አላውቅም።

ከቤት ወጥቶ ተፈጥሮን ፊት ለፊት የሚሥል ሰው እሽቅድምድሙ ከጊዜ ጋር ነው። ሞኔ የተሻለ መላ ያገኘው በቀጣዩ ዓመት፣ በሚኖርበት በዢቨርኒ፣ በስንዴ ነዶ ክምር ፊት ነው። ለእኛ አገር ሰው ክምር ብርቅ አይደለም፤ እሱ ግን ቀን በቀን ይመላለስበት ጀመር። ፀሐይዋ ዞር ስትል የእንጀራ ልጁን ብላንሽን ሌላ ሸራ አምጪልኝ ይላታል። ከዚያም ሌላ። ጠዋት የጀመረውን ከሰዓት አይነካውም፤ ያው ብርሃን በሌላ ቀን ሲመለስ ይቀጥለዋል። ከበጋው ማብቂያ አንሥቶ በረዶው እስኪያልፍ 25 ያህል ሥዕሎች ወጡት። በአንዱ ክምሩ እንደ ፍም ይቀላል፤ በሌላው በረዶ ደፍቶ ሰማያዊ ይመስላል። ጥላውን ልብ ብለው ይዩት፤ ጥቁር ሳይሆን ሐምራዊ ነው።

በ1891 አሥራ አምስቱን ፓሪስ ላይ አሳየ፤ በቀናት ውስጥ ተሸጡ። በ2019 ከክምሮቹ አንዱ ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ 110.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

በዚያው በ1891 በኤፕት ወንዝ ዳር የፖፕላር ዛፎችን ሲሥል ደግሞ ዛፎቹ ለጨረታ ቀረቡ። ከአንድ የእንጨት ነጋዴ ጋር ተስማማና ሥዕሉ እስኪያልቅ እንዳይቆረጡ ከፈለ። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ የሚፈልገው ብርሃን የሚቆየው 7 ደቂቃ ብቻ እንደነበር ለአንዲት ሠዓሊ ወዳጁ ነግሯታል።

የእኛም አደይ አበባ አይጠብቅም፤ መስከረም ደምቆ ጥቅምት ላይ ይረግፋል። ባለፈው መስከረም የስድስት ዓመት ልጄን የሞኔን ዘዴ አስሞከርኳት። ከበረንዳችን ፊት ያለውን ባዶ ቦታ አደይ ሞልቶት ነበር። ሦስት ወረቀት ሰጠኋት፤ ለጠዋት፣ ለቀትር፣ ለማምሻ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቢጫ ሞላቻቸው። ማምሻውን ቢጫውን አስቀምጣ ቡናማውን ቀለም አነሣች። “አደይ እኮ ቢጫ ነው” ልላት አፌን ስከፍት ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ገብታለች፤ ሜዳው በእርግጥም ቡናማ ነበር።