ቁራሹም ትምህርት ነበር

ኅዳር 22 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የሕንድን ዮጋ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዘገበ። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኖ ነበር። ዛሬ ዮጋን ከምንጩ ልማር ብሎ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ መሄድ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ ከሚሄዱትም ብዙዎቹ ከትምህርቱ ጋር ሕዝቡን አውቆ የመመለስ ተስፋ ይሰንቃሉ። ለትምህርት ብሎ ከቀዬ ወጥቶ በማያውቁት ሕዝብ መካከል መክረም ግን ለምዕራብ ጎጃም እንግዳ አይደለም። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ቅኔ ፍለጋ የመጣው ተማሪ የዋሸራንና የጎንጅን የቅኔ ቤቶች ደጅ ሲጠና ትውልዶች አልፈዋል። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ተማሪን ከአገሬው ጋር የሚያስተዋውቀው ቅን ልብ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ነገር እንጀራውን ከማን እጅ እንደሚቀበል ነው።

የዮጋው መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ያለችውን ሪሺኬሽን ማየት ይበቃል። የዮጋ መምህሩ ስዋሚ ሲቫናንዳ መንፈሳዊ ማኅበራቸውን በ1936 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት እዚያ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች ከሕንዳዊው መምህር ከማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ሊማሩ ሲሄዱ የከተማዪቱ ስም በዓለም ናኘ። አሁን በብዛት የሚሰጠው የመምህርነት ሥልጠና 200 ሰዓት ሆኖ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅ ነው። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን፣ አልጋውንና ምግቡን አጠቃሎ ይይዛል። ተማሪው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ይለማመዳል፤ እንደሱ ከሩቅ ከመጡት ጋር በአንድ አዳራሽ ይበላል፤ የሚነጋገረውም በእንግሊዝኛ ነው። ከሕንዶች የሚያገኘው መምህሩን፣ ወጥ ሠሪውን፣ ባለሱቁንና ባለባጃጁን ሲሆን ከሁሉም ጋር የሚያገናኘው ገንዘብ ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ሁሉን ከፍሎ የገባ ሰው የጎረቤትን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት የለውም።

የቅኔ ተማሪ ግን ሳያንኳኳ አያድርም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ይመጣና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች የሣር ጎጆ ከባልንጀሮቹ ጋር ይጠጋል። የኔታ ክፍያ አይጠይቁትም፤ እንጨት ይለቅምላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል። ምግቡን የሚያገኘው ከመንደሩ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቀድሞ የሚመልስለት ውሻ ነው፤ ቀጥላ እመቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይዛ ብቅ ትላለች። ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ የተረፈውን አድርቆ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። በዚህ ኑሮ ወራት ሲያስቆጥር የትኛው ቤት ሐዘን እንደገባ፣ የማን ሚስት አራስ እንደሆነች፣ የማን አዝመራ በረዶ እንደመታው ሳይጠይቅ ያውቃል። መንደሩም በፈንታው ያውቀዋል፤ ደብዳቤ የሚጽፍለትና የሚያነብለት፣ በአጨዳ ጊዜም እጁን የሚያበድረው ይኸው ተማሪ ነበር።

ስለ መንደሩ ያለው ዕውቀት ደግሞ ከጨዋታ አልፎ ለሙያው ስንቅ ይሆነዋል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለየኔታ ነግሮ ይታረማል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚወጣው እንዲህ ነው። ወርቁን፣ ማለትም የቅኔውን ስውር ትርጉም፣ ከመጽሐፍና ከሊቃውንት ይማራል። ወርቁን የሚሸፍነው ምሳሌ፣ ሰሙ፣ ግን ብዙ ጊዜ ከገበሬው ኑሮ የሚቀዳ ነው፤ ከሞፈሩና ከቀንበሩ፣ ከንብ ቀፎው፣ ከሸማኔው ጉድጓድ፣ ከድንበር ክርክሩ። ገበሬ ቤት ደጅ ቆሞ የማያውቅ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ጠንቅቆ ቢያውቅ እንኳ የሰም ድኻ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳውን ገበሬ ልጅ በዛብህን በባላባት ቤት ያስገቡት በቤተ ክህነት ትምህርቱ በኩል መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ናቸውና ያ ትምህርት ምን ያህል ደጅ እንደሚያስከፍት ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ረኃብንና ልመናን እያሞገስህ ነው የሚል ነው። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ በተጨናነቁት ጎጆዎች በቅማል የሚዛመተው የሚያገረሽ ትኩሳት ስንቱን ልጅ እንዳጠቃ የሚታወቅ ነው። ነገር ግን ልጁን ያሳመመው የቤቱ ጥበትና የልብሱ እጦት እንጂ ከመንደሩ ጋር መተዋወቁ አይደለም፤ አንዱን ማስቀረት ሌላውን ማፍረስ አይጠይቅም። ሁለተኛው፣ ያ ደጅ ለወንድ ልጅ እንጂ ለሴት አልተከፈተም የሚል ነው። እውነት ነው። ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ አስተማሪ እስከመሆን ቢደርሱም አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እንደ ወንዶቹ አገር አቋርጦ ደጅ የመጥናት ዕድል ለሴት አልነበረም። ይህ የሥርዓቱ ጉድለት ነው፤ ሊታረምም ይገባል። ሦስተኛው፣ ልዩነቱ የአገርና የባህል እንጂ የክፍያ አይደለም የሚል ነው። ለዚህ መልሱን የምትሰጠው ሕንድ ራሷ ናት። በጥንቱ የሕንድ ሥርዓት ትምህርት የሚጀምር ልጅ ክር ታስሮለት ወደ መምህሩ ሲገባ ምጽዋት ይለምን ነበር፤ የመጀመሪያውንም ከገዛ እናቱ ይቀበላል። ከመምህሩ ቤት እያደረ፣ ከጎረቤት እየለመነ መማር እዚያም የታወቀ ነበር። አገሩ ያው ሆኖ መተዋወቁ የሳሳው ለባዕዱ ተማሪ ክፍያው የመንደሩን ቦታ ስለወሰደ ነው።

ክፍያ የመንደሩን ቦታ ይውሰድ ወይ የሚለው ጥያቄ ለጎጃምም ቀርቧል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ አብያተ ክርስቲያናቱ ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት ወሰደ፤ ልጆችም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት አዘነበሉ። ዛሬ ጉባኤ ቤቶችን ለመርዳት የሚነሡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ማደሪያ መሥራትና ተማሪውን ከልመና ማውጣት ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ማደሪያው፣ ሳሙናውና መድኃኒቱ ያስፈልጋል። ምግቡ ግን በሙሉ ከከተማ በሚላክ ገንዘብና በአንድ ድስት ከተተካ ተማሪውና ገበሬው በገበያ ቀን ብቻ የሚተያዩ ይሆናሉ። የሚሻለው ልመናውን አስቀርቶ ዝምድናውን ማቆየት ነው። የመንደሩ አባወራዎች ተማሪዎቹን በተራ ወደ ማዕዳቸው ቢያቀርቡ፣ አቅም ለሌለው ቤት እህሉን ረጂው ቢሸፍን፣ ተማሪው ከአጥር ውጭ መቆሙ ቀርቶ ከምድጃው ዳር ይቀመጣል፤ ሴት ልጅም ከዚያው ማዕድ ቀርባ ትማራለች። ጎብኚም ቅኔ ልቅሰም ብሎ ወደ አዴት ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ቢመጣ፣ ከሆቴል ይልቅ ገበሬ ቤት የሚያሳድረው አሠራር ቢጠብቀው የመጣበትን ያገኛል። ገንዘቡን ይክፈል፤ ግን ለሚያበላው ሰው ይክፈል፣ ከሚያበላውም ሰው ጋር ይብላ።