ያውቁ ኖሯል? መኪናው መንገዱን ሲያይ እርስዎንም ያያል

ያለ ሹፌር ተሳፋሪ የሚያመላልሰው የዌይሞ መኪና ስድስተኛው ትውልድ 13 ካሜራ፣ 4 ላይዳር (በሌዘር ዙሪያውን የሚያይ መሣሪያ) እና 6 ራዳር እንደተገጠመለት ያውቁ ኖሯል? ተሳፋሪው ቢያንስ ስልኩ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኗል። በእግረኛ መንገድ የሚያልፈውን ሰው ግን ማን ጠየቀው?

የእነዚህ ምስሎች ጥቅም ለሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ ቀድሞ ገብቶታል። በ2022 ይፋ የሆነ የሥልጠና ሰነዱ፣ እነዚህ መኪኖች ዙሪያቸውን ያለማቋረጥ እንደሚቀርጹና ምስሉ ለምርመራ እንደሚረዳ ይጠቁማል። (ከአንዱ የአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቻይና ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ፣ ያለ ፈቃድ የተቀረጸ የመንገደኛ ፊት ከመኪናው ውጭ ከመላኩ በፊት እንዲደበዝዝ ያዛል።

የቴስላ ሠራተኞች ከ2019 እስከ 2022 ድረስ የደንበኞች መኪና የቀረጻቸውን ምስሎች እርስ በርስ ይላላኩ እንደነበር ሮይተርስ ዘግቧል። ራቁቱን ወደ መኪናው የተጠጋ ሰው የታየበት ቪዲዮም ነበር።

ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2023 የ25 የመኪና ብራንዶችን የግል መረጃ ፖሊሲ ፈትሾ ሁሉንም ጥሏል። የኒሳን ፖሊሲማ ስለ ወሲብ ሕይወት ጭምር መረጃ ሊሰበስብ እንደሚችል ይገልጽ ነበር። መኪና ይህን ለምን እንደሚፈልገው እንጃ!

ጀነራል ሞተርስ ደግሞ አሽከርካሪዎቹ ያሉበትን ቦታ በየ3 ሴኮንዱ ጭምር ይመዘግብ እንደነበር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገልጿል። ፍሬን በኃይል መያዝ፣ በፍጥነት ማሽከርከር፣ በውድቅት ሌሊት መንዳት፣ ሁሉም ተጽፎ ተሸጧል፤ በስተመጨረሻም ኢንሹራንስ ኩባንያዎች እጅ ገብቷል።

አሁን ወደ ዋናው። በታኅሣሥ 2024 የ800,000 ያህል የቮልስዋገን ግሩፕ ኤሌክትሪክ መኪኖች መረጃ ኢንተርኔት ላይ ያለ በቂ ጥበቃ ተቀምጦ መገኘቱን የጀርመኑ ዴር ሽፒግል አጋለጠ። የ460,000ዎቹ የቆሙበት ቦታ በትክክል ይታወቅ ነበር። የቮልስዋገንና የሴያት መኪኖች መገኛ የተመዘገበው በ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው፤ የትኛው በር ላይ እንደቆሙ ይለያል። የአውዲና የሽኮዳ ግን በ10 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከዚያ የሚታወቀው ከተማው ቢሆን ነው። ቤቱ አንድ፣ ስህተቱም አንድ ሆኖ ሳለ የአውዲ ባለቤቶችን ያተረፋቸው የመገኛ ቁጥሩ ቀድሞ መጠጋጋቱ ብቻ ነው። እኔ ከመቶ ገጽ የምስጢር ጥበቃ ውል ይልቅ እንዲህ ያለውን አምናለሁ፤ ያልተመዘገበ አይሰረቅም።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የሹፌሩን ድካም የሚከታተለው መሣሪያ ሥራውን እንደጨረሰ መረጃውን ወዲያው መደምሰስ፣ ለሦስተኛ ወገንም አለመስጠት አለበት። አደጋ የሚመዘግበው መሣሪያም የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ 4 አኃዞች እንዳይዝ ተከልክሏል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በቀላሉ እንዳይታወቅ ነው።

ኢትዮጵያ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2024 ከከለከለች ወዲህ ስክሪናቸው የሰፋ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም (ቁጥር 1321/2016) ወጥቷል። አዋጁ ግን የእርስዎን ስክሪን አያጸዳም። በብሉቱዝ ስልክዎን ሲያገናኙ የስም ዝርዝርዎና የደወሉላቸው ሰዎች መኪናው ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። መኪናዎን ሸጠው ሊብሬውን ከማዞርዎ በፊት «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው ስልክዎን ያጥፉ፣ «ቤት» ብለው የመዘገቡትን አድራሻ ይሰርዙ፣ ከዚያ ሁሉንም ሪሴት ያድርጉ። መኪናው በስልክ አፕሊኬሽን የሚከፈት ከሆነም የራስዎን አካውንት ያስወጡ፤ አለዚያ ገዢው የት እንደዋለ እርስዎ ሊያዩ ነው።